«ጋዙ አልቋል» ሲባል ጋዙ የት ሄዶ ነው?

የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው፣ ወይም የሰፈር ሱቅ ፍሪጅ ለስላሳውን ለብ አድርጎ ሲያስቀምጠው፣ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ።» ባለሙያው ይሞላል፣ ባለንብረቱ ይከፍላል፣ ኤሲውም ይቀዘቅዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ነገር ይደገማል።

እስቲ «አልቋል» የምትለዋን ቃል ቆም ብላችሁ እይዋት። ቤንዚን ያልቃል፤ ስለሚቃጠል። የማብሰያ ሲሊንደርም ያልቃል፤ እሳት ሆኖ ስለሚሄድ። የኤሲ ጋዝ ግን አይቃጠልም፣ በሥራ ብዛትም አይቀንስም። ዝግ በሆነ የቧንቧ መንገድ ውስጥ ዙሪያውን ሲዞር ይኖራል እንጂ። ፋብሪካው 1 ኪሎ ሞልቶ ከሸጠው፣ ከ10 ዓመት በኋላም እዚያው 1 ኪሎ መገኘት አለበት። ካነሰ ምክንያቱ አንድ ነው፦ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? የሰው ልጅ ግን ይህንን ከልቡ እስኪቀበል ድረስ 150 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በመሃል ሰዎች በተኙበት ሞተዋል፣ አንስታይን የፍሪጅ ፈልሳፊ ሆኗል፣ ከበላያችን ያለው የኦዞን ንጣፍም ሳስቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንግባባ። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ክንዳችሁን በአልኮል ሲጠርጉት ቀዝቀዝ ይላችኋል። ፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት ከቆዳችሁ ይወስዳል። ሁለተኛው ቁም ነገር፣ ፈሳሽ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው በላዩ ያለው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ከተማዋ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካጋጠማችኋቸው ኤሲ አገኛችሁ። በቀላሉ የሚፈላ ፈሳሽ ግፊቱ ቀንሶ ክፍሉ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ቧንቧ ይፈላል፤ ሲፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ተኑን ኮምፕረሰር ይጨምቀዋል፤ ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል። ከዚያ ውጪ ባለው ቧንቧ (ኮንደንሰር ይባላል) ሙቀቱን ለውጪው አየር ጥሎ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል። የሚጓዘው ሙቀት ነው፤ ጋዙማ ተላላኪ ብቻ ነው።

ይህንን ዑደት በ1834 ለንደን ውስጥ በፓተንት ያስመዘገበው አሜሪካ የተወለደው ጄኮብ ፐርኪንስ ነው። ፓተንቱ ላይ ትልቁ ነጥብ ቅዝቃዜው ብቻ አልነበረም። ፈሳሹ ሳይባክን እየተመለሰ ደግሞ ደጋግሞ ይሥራ የሚለው ሐሳብም ነው። እንግዲህ «ጋዝ አያልቅም» የሚለው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው! ችግሩ ወረቀት አያፈስም፤ ቧንቧ ግን ያፈሳል።

አፍንጫ መለኪያ የነበረበት ዘመን

የፐርኪንስ ፈሳሽ ኤተር ነበር፤ በትንሽ ብልጭታ የሚነድ ነገር። ከእሱ በኋላ የመጡት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ሆኑ። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የሠራቸው የአሞኒያ ማሽኖች ቢራ ፋብሪካዎችን ከተፈጥሮ በረዶ ጥገኝነት አላቀቁ። አሞኒያ እስከ ዛሬም በትልልቅ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ይሠራል፤ ሙቀት በማጓጓዝ ጎበዝ ነው።

አሞኒያ ሲያፈስ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ጋዝ መጉደሉን ለማወቅ ጌጅ ማየት ላያስፈልግ ይችላል። ሠራተኛው የሰልፈር ክር ለኩሶ በየመገጣጠሚያው ያዞረዋል፤ አሞኒያ ባለበት ቦታ ነጭ ጢስ ቦግ ይላል። ያ ቦታ ይጠበቃል፣ ይበየዳል። «ጋዙ አልቋል» የሚል ሰው አልነበረም፤ «ጋዙ ወጣ!» ብሎ የሚሮጥ እንጂ።

ነገሩ የከፋው ፍሪጅ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ ነው። ሜቲል ክሎራይድ ሽታው ደካማ ነው፤ ሰው ሳይነቃ ይመርዛል። በ1929 ቺካጎ ውስጥ ከፍሪጅ ባፈሰሰ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ፣ ልጆች ጭምር፣ ከፍሪጃቸው ሾልኮ በወጣ ጋዝ ተመርዘው አለቁ። ዜናውን ጋዜጣ ላይ ካነበቡት ሰዎች አንዱ አልበርት አንስታይን ነበር።

አንስታይን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከወጣቱ ሃንጋሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ ከ1926 ጀምሮ የማያፈስ ፍሪጅ መንደፍ ያዙ። ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ነበር፦ ፍሪጅ የሚያፈሰው በየት በኩል ነው? መልሱ፦ የሚሽከረከር ዘንግ ከውጪ ወደ ውስጥ በሚገባበት፣ ማሸጊያው በሚበላበት ቦታ። እንግዲያው የሚሽከረከር ነገር ባይኖርስ? ከንድፎቻቸው አንዱ ፈሳሽ ብረትን በማግኔት ኃይል ብቻ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ነበር፤ ዘንግ የለው፣ ማሸጊያ የለው። በርሊን ያለው ኤኢጂ ኩባንያ ሞክሮ ሠራው። ድምፁ ግን ይረብሽ ነበር፤ ገበያም ሳይወጣ ቀረ። ፓምፑ ግን አልተረሳም፤ ዓይነቱ ከዓመታት በኋላ በፈሳሽ ብረት የሚቀዘቅዙ የኒውክሌር ማብላያዎችን ለማቀዝቀዝ ዋለ።

ንድፉ ገበያ ሳይወጣ የቀረበት ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ ችግሩን ከተቃራኒው አቅጣጫ የያዘ ሰው ተነሥቶ ነበር።

ሻማውን ያጠፋው ትንፋሽ

ቶማስ ሚድግሌይ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው፦ ቧንቧው እንዳያፈስ ከምንለፋ፣ ቢያፈስም የማይጎዳ ጋዝ ብንሠራስ? በ1928 ከባልደረቦቹ ጋር ካርቦን፣ ክሎሪንና ፍሎሪን ያሉበት ጋዝ አገኘ። ዛሬ አር-12 የምንለው፣ ገበያው ፍሪዮን ያለው ጋዝ ነው። በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ሚድግሌይ ጋዙን በአፉ ስቦ ወደሚነድ ሻማ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ፤ ሰውዬው ምንም አልሆነም። አይመርዝም፣ አይነድም። (ይኸው ሚድግሌይ ቤንዚን ውስጥ ሊድ የጨመረው ሰው ነው። በአንድ ዕድሜ ሁለት እንዲህ ዓይነት ነገር መፍጠር ይገርማል።)

ሚድግሌይን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን የተቸገረበት ችግር እውነተኛ ነበር። ፍሪዮን የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ፍሳሽን የመፍራት ልማድ ጠፋ። የማይሸት፣ የማይጎዳ፣ ርካሽ ጋዝ ቢያፈስ ማን ይጨነቃል? ቧንቧ ሲጠገን የቀረው ጋዝ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ቱቦ ለማጥራትም ራሱ ጋዙ ይነፋበታል። የመኪና ኤሲ ደግሞ የጎማ ቱቦና በቀበቶ የሚዞር ዘንግ ስላለው ከሁሉ በላይ ያፈሳል። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በየበጋው ትንሽ ጣሳ ፍሪዮን ከሱቅ ገዝተው ራሳቸው ይሞሉ ነበር። እንግዲህ «ጋዙ አልቋል» የሚለው አነጋገር አገር ያገኘው በዚህ ዘመን ነው።

የመለኪያው ዘዴም በዚያው ልክ ላላ። ፈሳሹ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ትንሽ የመስታወት ዓይን ትገጠማለች፤ አረፋ ከታየ ጋዝ ጎድሏል፣ አረፋው እስኪጠፋ ሙላ። ወይም ወፍራሙን ቧንቧ በእጅ መጨበጥ፦ አሜሪካውያን እንደ ቀዝቃዛ የቢራ ጣሳ ከሆነ በቂ ነው ይሉ ነበር። ፍሳሽ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ መዳብ የሚግልበት ትንሽ ችቦ ይይዛል፤ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ሲነካው ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ቆንጆ ዘዴ ነበር። ብዙዎች ግን ለምን ይደክማሉ? ሞልቶ መሄድ ይቀላል።

መርከቧ ያገኘችው

አሁን ወደ ባሕር እንውጣ። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1957 በጣም ጥቃቅን የጋዝ መጠን የሚለይ መሣሪያ ፈልስፎ ነበር። በ1971 መጨረሻ ይህንኑ ይዞ ሻክልተን በምትባል የምርምር መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ በየቦታው አየር ለካ። ሰውና ፋብሪካ በሌለበት ውቅያኖስ መሃል እንኳ የፍሪዮን ዘመድ የሆነው ሲኤፍሲ-11 ነበር። መጠኑ ኢምንት ነው፤ በትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 50 ገደማ።

ካሊፎርኒያ ያለው ኬሚስቱ ሼርውድ ሮውላንድ ይህን ቁጥር ሰማና ሒሳብ ሠራ። በአየር ላይ ያለው መጠን እስከዚያ ድረስ ፋብሪካዎች ካመረቱት ጠቅላላ መጠን ጋር ይቀራረባል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይህ ማለት ምንም አላለቀም ማለት ነው! ከሽቶና ከቀለም መርጫ ጣሳ የወጣው፣ ከአረፋ ፍራሽ የወጣው፣ ከማቀዝቀዣ የሾለከው፣ ሁሉም እዚያው ተንሳፎ አለ። (ለፍትሕ ያህል፣ በወቅቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መርጫ ጣሳ ነበር፤ ኤሲና ፍሪጅ ብቻቸውን አልነበሩም።)

ታዲያ መጨረሻው የት ነው? ሮውላንድና ሜክሲኮ የተወለደው ወጣት ተመራማሪ ማሪዮ ሞሊና በ1974 መልሱን አሳተሙ። ጋዙ ታች ላይ ምንም አይነካውም፤ ለዚህም ነው ለሰው የማይጎዳው። ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ ግን ጠንካራው የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ይሰበራል፤ ክሎሪኑም ይለቀቃል። አንድ የክሎሪን አቶም እስከ 100,000 የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያጠፋ ይችላል። ኦዞን ደግሞ ቆዳችንንና ሰብላችንን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጋርድ ነው። ሚድግሌይ የኮራበት ጠባይ፣ ማለትም ከምንም ነገር ጋር አለመዋሐዱ፣ ያንን ያህል ርቆ እንዲሄድ ያስቻለው ሆኖ ተገኘ።

ኩባንያዎች ተከራከሩ፣ ዓመታት አለፉ። በ1985 ከአንታርክቲካ የመጣው የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ልኬት፣ በዚያ ሰማይ ላይ በየፀደዩ ኦዞኑ ክፉኛ እንደሚሳሳ አሳየ። በመስከረም 1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ 198 አባላት አሉት፤ ይህን ያህል ሁሉን ያስማማ ውል ዓለም ላይ ብዙ የለም። ሮውላንድና ሞሊና ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ።

ጌጁ ብቻውን ይዋሻል

አሁን ወደ ቧንቧው እንመለስ፤ ምክንያቱም ስምምነቱ የባለሙያውን ሥራ ከሥሩ ቀይሮታል። አሜሪካ ከሐምሌ 1992 ጀምሮ ጋዝ ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅን ከለከለች። ጋዙ በማሽን ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ መሰብሰብ አለበት። ክሎሪን የሌላቸው አዳዲስ ጋዞች መጡ፤ አረንጓዴው ነበልባልም ያኔ ሥራ ፈታ። የመስታወት ዓይኗም ከዳች፤ በአዲሱ የመኪና ጋዝ አረፋው እስኪጠፋ ከሞላችሁ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ነው የምትሞሉት።

ታዲያ አሁን ልኩ በምን ይታወቃል? «በጌጅ ነዋ» ትሉ ይሆናል። ጌጅ ግን ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይናገርም። ቱቦው ውስጥ ፈሳሽና ተን አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ ውጪው 45 ዲግሪ ሲሆን የኮንደንሰሩ ግፊት ይንራል፣ ጋዙ ግን ያው ነው። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነም የውስጡ ግፊት ይወርዳል። ይህን አይቶ «ጋዝ አንሷል» ብሎ የሚሞላ ሰው ጤነኛውን ማሽን ያሳምመዋል፤ የተረፈው ፈሳሽ ኮምፕረሰሩ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም፤ የሚሰበረው ኮምፕረሰሩ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሁለት ነገር አብሮ ያነባል፤ ግፊትና የቧንቧውን ሙቀት። ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ አሮጌ ኤሲዎች ያለው አር-22 ጌጁ ላይ 68 ፒኤስአይ ሲያሳይ በ4.4 ዲግሪ ሴልሺየስ እየፈላ ነው። ወፍራሙ ቧንቧ በቴርሞሜትር 10 ዲግሪ ከሆነ፣ ተኑ ፈልቶ ካለቀ በኋላ 5.6 ዲግሪ ሞቋል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ሱፐርሂት ይባላል። 20 ዲግሪ ቢሆንስ? ፈሳሹ ገና መንገድ ላይ ፈልቶ አልቆ፣ የቀረው ቧንቧ ባዶ ተን ብቻ እያሞቀ ነው፤ ጋዝ መጉደሉን ትጠረጥራላችሁ። ውጪ በኩል ባለው ቀጭን ቧንቧ ደግሞ ፈሳሹ ተን መሆን ካቆመ በኋላ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይለካል፤ ሰብኩሊንግ ይሉታል። ጋዝ ከጎደለ ያንሳል፣ ከበዛ ፈሳሹ ኮንደንሰሩ ውስጥ ስለሚከማች ይጨምራል። ሱፐርሂት ከፍ፣ ሰብኩሊንግ ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሳሙና ያለበት ውኃ ነው፤ በየመገጣጠሚያው ይቀባል፣ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ይገኛል።

የጋዙን ዓይነት ማወቅም የግድ ነው። በዚያው 4.4 ዲግሪ አር-12 የሚያሳየው 37 ነው፤ አር-410ኤ ግን ወደ 118። በአንዱ ልማድ ሌላውን መሙላት አይቻልም።

እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ጌጁ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 11 ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያው 4.4 ዲግሪ የሚፈላ አር-22 ድሬዳዋ ላይ ከሚያሳየው በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 72 ያሳያል። ሠንጠረዡ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። ባቄላውን ያዘገየው ያው ከፍታ ጌጁንም ያሳስተዋል።

ከሁሉ የሚታመነው ግን ሚዛን ነው። ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ በፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይወጣል፤ ከዚያ የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግራም በሚዛን ተለክቶ ይገባል። ግምት የለም፣ የቢራ ጣሳ የለም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ክሎሪን የሌላቸው ጋዞችም ሌላ ጣጣ ይዘው መጡ። ኦዞንን አይነኩም፤ ሙቀት ግን አጥብቀው ያፍናሉ። 1 ኪሎ አር-410ኤ ቢያመልጥ፣ በ100 ዓመት ስሌት 2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ፣ 900 ሊትር ቤንዚን አቃጥላችኋል እንደማለት ነው። አንድ ተራ የግድግዳ ኤሲ የሚይዘው ጋዝ እዚያው 1 ኪሎ አካባቢ ነው።

በጥቅምት 2016 የዓለም አገሮች ተወካዮች ኪጋሊ ተሰብስበው ሌሊቱን ሲነጋገሩ አድረው፣ ቅዳሜ ማለዳ ላይ እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማሙ። ማሻሻያው ከጥር 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው።

ተተኪዎቹ ደግሞ እነማን መሰሏችሁ? ፕሮፔንና ኢሶቡቴን፣ ማለትም የማብሰያ ጋዝ ዘመዶች! በ1993 አንድ የምሥራቅ ጀርመን ፍሪጅ ፋብሪካ ከግሪንፒስ ጋር ሆኖ በእነዚህ የሚሠራ ፍሪጅ ለገበያ አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጡ ብዙ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች በኢሶቡቴን ይሠራሉ። ይነዳሉ፤ እንደ ፐርኪንስ ኤተር። ስለዚህ ደኅንነታቸው የሚጠበቀው ትንሽ በመሙላት ነው። ከፍሪጃችሁ ጀርባ ወይም ከውስጥ ጎኑ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፈልጉ። «አር-600ኤ» የሚል ካያችሁ አጠገቡ የግራም ቁጥር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በታች ነው። ያ ቁጥር ፍሪጁ ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ የነበረው ጋዝ በሙሉ ነው፤ ካላፈሰሰ አሁንም እዚያው አለ።